ፓንግሎንግ ላይ የተገባው ቃል፦ ነጻ የወጣችው በርማ መንግሥት ያቆመችበት መንገድ

የመገንጠል መብትን በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረች አገር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን የራሳችን አንቀጽ 39 ነው። ትንሽ ሰፋ አድርገን ስናስብ ሶቪየት ኅብረትና ዩጎዝላቪያ ይታወሱናል። በርማን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። በርማ ይህን መብት የጻፈችው በ1947 ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሊውል ገና 48 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ምያንማር የምንላት በርማ ከእንግሊዝ ነጻ ወጥታ በምርጫና በፓርላማ ለመተዳደር ያደረገችው ሙከራ 14 ዓመት ገደማ ቆየ። ከጃንዋሪ 1948 እስከ ማርች 1962። መሥራቾቿ ደጋ ላይ ለሚኖሩት ሕዝቦች ትልቅ ቃል ገብተው ነበር። ቃሉን በጽሑፍ አሰፈሩት፤ ፈረሙበትም። ቃሉ ቢታጠፍ ክልሎቹ የሚከላከሉበትን ተቋም ግን አልሰጧቸውም። እኔ እንደማየው በኋላ የመጣው መከራ አብዛኛው የሚመዘዘው ከዚህ ክፍተት ነው። ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

እንግሊዞች ትተውት የሄዱት አገር

እንግሊዝ በርማን በሦስት ጦርነት ነው የዋጠቻት። የመጀመሪያው በ1824 ተጀመረ፤ የመጨረሻው በ1885 አበቃ። የመጨረሻው ንጉሥ ቲባው ወደ ሕንድ ተጋዙ፤ ንግሥናውም በዚያው አከተመ። ከዚያ በኋላ በርማ እስከ 1937 ድረስ የምትተዳደረው እንደ አንድ የሕንድ ክፍለ ሀገር ነበር።

አገሪቱ ግን በአንድ ዓይነት አስተዳደር አልተገዛችም። ቆላውን፣ ማለትም የኢራዋዲ ወንዝ ሸለቆንና ደልታውን፣ እንግሊዞች በቀጥታ ያዙት። የቀድሞውን የአካባቢ ባላባት አፍርሰው በየመንደሩ ሹም አቆሙ። ፍርድ ቤት፣ ግብር ሰብሳቢ፣ በኋላም የተመረጠ ምክር ቤት መጣ። ደጋው ሌላ ዓለም ነበር። ሻኖች ከ30 በላይ በሆኑ መሳፍንት ሥር እንደነበሩ ቀጠሉ። መሳፍንቱ ሳውብዋ ይባላሉ። ካቺኖችና ቺኖችም በየአለቆቻቸው ተዳደሩ። በቆላው የወጣ ሕግ ደጋው ላይ አይሠራም። የዋና ከተማዋ የራንጉን ፖለቲከኛ ደጋውን ረግጦ የማያውቅ፣ የደጋው ሰው ራንጉንን አይቶ የማያውቅ፣ እንዲህ ሆነው ሁለት ትውልድ አለፈ።

በዚህ ላይ ጦሩ አለ። እንግሊዞች ለቅኝ ግዛቱ ጦር ወታደር የሚመለምሉት በዋናነት ከካረን፣ ከካቺንና ከቺን ነበር። የአገሪቱ ብዙኃን ብሔር የሆኑት ቡርማዎች ከጦሩ ገሸሽ ተደርገው ቆዩ። ንግዱና ብድሩም በአብዛኛው በሕንዶችና በእንግሊዝ ኩባንያዎች እጅ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከራንጉን ነዋሪ ከግማሽ በላዩ የሕንድ ተወላጅ ነው። እንግዲህ አንድ የቡርማ ወጣት በገዛ ዋና ከተማው መንግሥት የሚባለውን ሲያይ የሚያየው ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ አውንግ ሳን ነበሩ። የራንጉን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መሪ ነበሩ። በ1940 ከአገር ወጡ፤ ከሌሎች ጓዶቻቸው ጋር በጃፓኖች ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። በ1942 ጃፓን በርማን ስትወር የእነሱ ጦር አብሮ ገባ። ካረኖችና ካቺኖች በብዛት ከእንግሊዝ ጎን ቆመው ስለነበር ደልታው ውስጥ ሚያውንግምያ በሚባለው አካባቢ ካረኖች ላይ ግድያ ተፈጸመ። አውንግ ሳን በማርች 1945 ፊታቸውን አዙረው ጃፓንን ወጉ፤ ከእንግሊዝም ጋር ተደራደሩ። የሞተ ዘመድ ያለው ካረን ግን ያንን ዓመት አልረሳም። ነጻነት ሲመጣ ደሙ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም።

ስምምነቱ

ጃንዋሪ 27 ቀን 1947 አውንግ ሳን ለንደን ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ ጋር ተፈራረሙ። በርማ በአንድ ዓመት ውስጥ ነጻ ትወጣለች ተባለ። የደጋው ሕዝብ የሚቀላቀለው ግን በራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ አውንግ ሳን የደጋውን ፊርማ ማግኘት ነበረባቸው፤ ያውም በፍጥነት።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ሻን ምድር ውስጥ ባለችው ፓንግሎንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰበሰቡ። የሻን መሳፍንት፣ የካቺንና የቺን ተወካዮች መጡ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ስምምነቱ ተፈረመ። 23 ፊርማ አለበት። አውንግ ሳን በማግስቱ ነው 32 ዓመት የሞላቸው።

ሰነዱ ዘጠኝ አንቀጽ ብቻ ያለው አጭር ወረቀት ነው። ደጋው በውስጥ አስተዳደሩ ሙሉ ነጻነት እንዲኖረው በመርህ ደረጃ ተቀበለ። የካቺን ክልል መቋቋሙ ተገቢ መሆኑን ገለጸ። የደጋው ሰው በዴሞክራሲያዊ አገር መሠረታዊ የሚባሉ መብቶች ሁሉ እንዲኖሩት ደነገገ። ቡርማ አንድ ቻት ካገኘ እናንተም አንድ ቻት ታገኛላችሁ፤ የሚል ቃልም በአውንግ ሳን ስም እስከ ዛሬ ይነገራል። ቻት የአገሪቱ ገንዘብ ነው። ለደጋው ሰው የፓንግሎንግ ትርጉም በዚያ አባባል ውስጥ አለ፦ እኩል ሆነን እንገባለን።

አንድ ጥያቄ ግን አለ። ማን አልፈረመም?

ካረኖች አልፈረሙም። የመጡት በታዛቢነት ብቻ ነው። የካረን ብሔራዊ ኅብረት የተመሠረተው ከፊርማው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። መሪዎቻቸው በ1946 ለንደን ሄደው የራሳቸው አገር እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። በጦርነቱ ለእንግሊዝ የሞቱ ሰዎች ልጆች ነን ብለው ያምኑ ነበር። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የካረኖች ችግር ካርታም ነው። ከፊሉ ደጋ ላይ፣ ከፊሉ ደልታው ውስጥ ከቡርማው ጋር ተሰባጥሮ ይኖራል። የት ላይ ድንበር ይሰመር? ማንም መልስ አልነበረውም። በአፕሪል 1947 የሕገ መንግሥት ጉባኤው ምርጫ ሲደረግ ኅብረቱ ራሱን አገለለ።

ካረኒዎችም አልፈረሙም። ስማቸው ቢመሳሰልም ከካረኖች የተለዩ ናቸው፤ የየራሳቸው ትንንሽ መሳፍንት ነበሯቸው። ሞኖችና አራካኖች ደግሞ ከመጀመሪያውም እንደ ቆላ ሰው ተቆጥረው አልተጋበዙም። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የራካይን ክልል ያው አራካን ነው።

ግድያው፣ ከዚያም ሕገ መንግሥቱ

ጁላይ 19 ቀን 1947 ጠዋት ታጣቂዎች ራንጉን ወዳለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሰብረው ገቡ። ካቢኔው ስብሰባ ላይ ነበር። አውንግ ሳንንና ሌሎች ስድስት የካቢኔ አባላትን ገደሉ፤ አንድ ባለሥልጣንና አንድ ጠባቂም አብረው ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል አንድ ካረን፣ አንድ የሻን መስፍንና አንድ ሙስሊም ሚኒስትር ነበሩ። ትንሿን በርማ በአንድ ክፍል ገደሏት ብል አላጋነንኩም። ግድያውን ያቀነባበሩት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ሳው ናቸው። በ1948 በስቅላት ተቀጡ።

ደጋው ያመነው ሰውየውን ነበር። የሻን መሳፍንት ከአውንግ ሳን ጋር ተነጋግረዋል፣ ዓይን ለዓይን ተያይተዋል። ከእሳቸው ፓርቲ ጋር ግን ገና አልተዋወቁም። ሥልጣኑን የተረከቡት ኡ ኑ ቅንና አማኝ ሰው ነበሩ። የአውንግ ሳን ጦረኛ ዝና ግን አልነበራቸውም። ሠራዊቱም የሚታዘዛቸው እንደ አውንግ ሳን አልነበረም።

ሕገ መንግሥቱ ሴፕቴምበር 24 ቀን ጸደቀ። ከግድያው ሁለት ወር ከአምስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በዚህ ጥድፊያ የተጻፈውን ነገር ረጋ ብለን ማየት አለብን፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ነበረው። የሕዝብ ተወካዮች 250 መቀመጫ፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤት 125 መቀመጫ። ከ125ቱ ሻን 25፣ ካረን 24፣ ካቺን 12፣ ቺን 8፣ ካረኒ 3 አገኙ። ቀሪው 53 የሌላው ነው። ሲደመር አናሳዎቹ አብላጫውን ይይዛሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

ወደ ክልሎቹ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። የሻን ክልል ለብቻው የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረውም። የክልሉ ምክር ቤት የሚባለው ራንጉን ፓርላማ ውስጥ ከሻን የተመረጡት ሰዎች ስብስብ ነው። ያው ሰዎች፣ ሁለት ባርኔጣ። የክልሉ መሪስ? የማዕከላዊው ካቢኔ ሚኒስትር ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከክልሉ ምክር ቤት ጋር ተማክረው ያቀርቡታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የተቃወመ የክልል መሪ የሚቃወመው የገዛ አለቃውን ነው። ገንዘቡም በአብዛኛው ከማዕከል የሚመጣ ድጎማ ነበር።

ቡርማው ራሱ ደግሞ ክልል አልነበረውም። የቆላው ጉዳይ የሚወሰነው በቀጥታ በማዕከላዊው ፓርላማና መንግሥት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሻኖችና ካቺኖች ሲያዩት ማዕከሉ ማለት ቡርማ፣ ቡርማ ማለት ማዕከሉ ሆነ። እኩል እንገባለን ብለው የፈረሙ ሰዎች ራሳቸውን ቅጥያ ሆነው አገኙት። ሕገ መንግሥቱን ካረቀቁት ሰዎች ዋነኛው የሕግ አማካሪ ኡ ቻን ቱን ራሳቸው ሰነዱ በሐሳብ ደረጃ ፌዴራል፣ በተግባር ግን አሃዳዊ መሆኑን ተናግረዋል።

አሁን ወደ መገንጠሉ እንምጣ። ምዕራፍ 10 መብቱን ሰጠ፤ ግን ለ10 ዓመት አይሠራም። ከ10 ዓመት በኋላ የክልሉ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከወሰነ ሕዝበ ውሳኔ ይጠራል። የእኛም አንቀጽ 39 በሁለት ሦስተኛ የምክር ቤት ድምፅ ይጀምራል፤ ከዚያ ፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። መመሳሰሉ ዓይን ይስባል።

በበርማ ይህ መብት በተግባር የቀረው ለሻንና ለካረኒ ነው። ካቺኖች ሚትኪናና ባሞ የሚባሉትን ከተሞች ክልላቸው ውስጥ አገኙ፤ መገንጠል ግን ተነፈጉ። ቺኖች ክልል እንኳ አልተሰጣቸውም፤ ልዩ ክፍል ተባሉ። የካረን ክልል ጉዳይ ለወደፊት ተላለፈ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሚዛን ነው። መሥራቾቹ ክልሎቹ ነገ የሚወጡበትን በር ጻፉ። ዛሬ ውስጥ ሆነው የሚኖሩበትን ነገር፣ የራስ ምክር ቤት፣ የራስ ገቢ፣ የራስ ፖሊስ፣ አሳንሰው ተዉት። ቤተሰብ ውስጥ ቦታ ሳይሰጡ የበሩን ቁልፍ ብቻ መስጠት ይመስለኛል። ሰው ቁልፉን ማየት የሚጀምረው ቦታ ሲያጣ ነው።

ፓንግሎንግ የፈረሙት ያዳኑት መንግሥት

ነጻነት የታወጀው ጃንዋሪ 4 ቀን 1948 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጡት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሻኑ መስፍን ሳኦ ሽዌ ታይክ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡ ኑ ሆኑ። ከእንግሊዝ ጋራ ብሔሮች ማኅበርም አልገቡም፤ ሙሉ በሙሉ ተሰናበቱ።

ሰላሙ ሦስት ወር አልሞላም። በማርች መጨረሻ ኮሚኒስቶቹ ጫካ ገቡ። ክረምት ላይ የቀድሞ የነጻነት ታጋዮች ሚሊሻ ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ አመጸ። ከመደበኛው ጦርም ሻለቃ ጦሮች ከዱ። ቀጥሎ ካረኖች ተነሡ። በጃንዋሪ 1949 መጨረሻ ከራንጉን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችውን ኢንሴይንን ያዙ። ውጊያው 112 ቀን ቆየ። በማርች ማንዳሌም ወደቀች። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተቀነሰብኝ ብሎ ሥራ አቆመ። ሰው መንግሥቱን የራንጉን መንግሥት እያለ ይጠራው ጀመር፤ ከራንጉን ውጭ የሚያዝበት ቦታ ጥቂት ነበርና።

የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ስሚዝ ዳን ካረን ነበሩ። እሳቸው አልከዱም። ሆኖም ዕረፍት ውጡ ተብለው ተነሡ፤ በቦታቸው ኔ ዊን ተተኩ። ኔ ዊን ከአውንግ ሳን ጋር በጃፓን ከሠለጠኑት አንዱ ናቸው።

መንግሥቱ እንዴት ዳነ? ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የካቺንና የቺን ሻለቃ ጦሮች ናቸው። አንድ ዝነኛ የካቺን አዛዥ ወደ ካረኖች ቢዞርም አብዛኞቹ ከመንግሥት ጎን ጸኑ። የሻን ክልልም ያኔ አላመጸም። የቡርማ ኮሚኒስቶችና የቡርማ ሚሊሻዎች ራንጉንን ሲወጉ ራንጉንን የያዟት ፓንግሎንግ ላይ የፈረሙት ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። ይህ ሐቅ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ክብር ያገኘ አይመስለኝም።

ከ1950 በኋላ መንግሥት ቀስ እያለ ከተሞቹን መለሰ። ኡ ኑ በ1952 ፒዳውታ የሚባል የልማትና የደኅንነት ዕቅድ አወጁ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድ ሊሠራ ታሰበ። ገንዘቡ ከሩዝ ይመጣል ተባለ። በርማ ከጦርነቱ በፊት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ሩዝ ለዓለም ትሸጥ ነበር፤ በነጻነት ዘመን ያንን ደረጃ መልሳ አላገኘችውም። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ ዕቅዱም አብሮ ሳሳ። በውጭ ግን ስሟ ትልቅ ነበር። በ1955 ኢትዮጵያም የተካፈለችበትን የባንዱንግ ጉባኤ ከጠሩት አምስት አገሮች አንዷ በርማ ናት። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሆኑት ኡ ታንት በዚያ ዘመን የኡ ኑ የቅርብ ረዳት ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መሃል ሳያቋርጥ ያደገው ተቋም ጦሩ ነው። በቻይና አብዮት የተሸነፉ የኩሚንታንግ ወታደሮች ወደ ሻን ሲገቡ ጦሩ ተከትሏቸው ገባ። በ1952 የሻን ክልል ከፊሉ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ዋለ። ለሻን ገበሬ ነጻይቱ በርማ መጀመሪያ የታየችው በቡርማ ወታደር መልክ ነው። ጦሩ ለወታደሩ ዕቃ ማከፋፈያ ብሎ የጀመረው ድርጅትም አሥር ዓመት ሳይሞላ ባንክና መርከብ ያለው የንግድ ተቋም ሆነ። ፓርላማው ሲጨቃጨቅ፣ ፓርቲው ሲከፋፈል፣ ሲቪል ሠራተኛው ሲደክም፣ ጦሩ የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ዕቅድ ነበረው።

አሥሩ ዓመት ሲሞላ

ጃንዋሪ 1958 መጣ። ምዕራፍ 10 ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ገዢው ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ። በጁን በተደረገ የመተማመኛ ድምፅ ኡ ኑ በ8 ድምፅ ልዩነት ተረፉ፤ ያተረፏቸውም የአናሳ ብሔሮችና የግራ ክንፍ ተወካዮች ናቸው። ጦሩ ይህን አልወደደም። በኦክቶበር ኡ ኑ ሥልጣኑን ለጊዜው ለጄኔራል ኔ ዊን አስረከቡ። በወረቀት ላይ ነገሩ ሕጋዊ ነበር።

በአፕሪል 1959 የሻን መሳፍንት የዘር ሥልጣናቸውን በይፋ ለቀቁ። መሳፍንትን የማይወድ ብዙ የሻን ወጣት ነበር፤ እኔም ለዘር ሥልጣን አልከራከርም። ግን በእነሱ ቦታ ምን መጣ? ጠንካራ የተመረጠ የክልል ምክር ቤት አልመጣም። የሻን ወጣቶች የመጀመሪያው የትጥቅ ቡድን የተቋቋመውም በ1958 ነው።

ጦሩ በ1960 ምርጫ አስደርጎ ሥልጣን መለሰ። ኡ ኑ በሰፊ ድምፅ አሸነፉ። በዘመቻው ቡድሂዝምን የመንግሥት ሃይማኖት አደርጋለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። በ1961 አደረጉት። ከካቺኖች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ሻለቃ ጦሮቻቸው በ1949 ራንጉንን ጠብቀው ነበር። የካቺን ነጻነት ጦር የተመሠረተው በዚያው በ1961 ፌብሩዋሪ ነው።

በጁን 1961 የሻን መሪዎች ታውንጂ ከተማ ላይ ሌሎቹን ብሔሮች ጠርተው ተሰበሰቡ። መሃል ላይ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሳኦ ሽዌ ታይክ ነበሩ። የጠየቁት መገንጠል አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ ቡርማውም እንደ ሌላው አንድ ክልል ይሁን፣ በብሔረሰቦች ምክር ቤት ሁሉም ክልል እኩል ቁጥር ይኑረው፣ ማዕከሉ ተለይተው የተሰጡትን ሥልጣኖች ብቻ ይያዝ አሉ። በ1947 በጥድፊያ የታለፈውን ክፍተት አንድ በአንድ ነቅሰው አወጡት። የመውጫ በር በሕግ የተከፈተላቸው ሰዎች ውስጥ ሆነን እናስተካክል ማለታቸው ነው። ኡ ኑ ለመስማት ፈቀዱ። በፌብሩዋሪ 1962 ራንጉን ላይ ውይይት ተጀመረ።

ማርች 2 ቀን ሌሊት የኔ ዊን ጦር ከተማዋን ያዘ። ኡ ኑ፣ ሚኒስትሮቹና ለውይይቱ የመጡት የሻንና የካረኒ መሪዎች ታሰሩ። ሳኦ ሽዌ ታይክን ሊይዙ የመጡት ወታደሮች የ17 ዓመት ልጃቸውን እቤታቸው ገደሉት። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በዚያው ዓመት ኖቬምበር እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች አንዱ ዋናው ምክንያት የፌዴራሊዝም ጥያቄ እንደነበር ተናግሯል፤ አገሪቱ ልትበታተን ነበር ብለው ነው። ታውንጂ ላይ የቀረበው ሐሳብ ግን አብሮ መኖርን የሚመለከት ነበር።

ጦሩ ፓርላማውን በተነ፣ የክልል ምክር ቤቶቹንም ሻረ። በ1974 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ። ሰባት ክልልና ሰባት ክፍል በካርታው ላይ ቢቀመጡም የሚያዘው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበር፤ የመገንጠል ምዕራፉም ጠፋ። በ1961 ጥቂት ሰው የነበረው የካቺን ጦር ግን አደገ፣ የሻን ቡድኖች በዙ፣ ካረኖችም ትጥቅ አልፈቱም። ፌብሩዋሪ 12 እስከ አሁን የኅብረት ቀን ተብሎ ይከበራል። በ2016 የአውንግ ሳን ልጅ አውንግ ሳን ሱ ቺ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ፓንግሎንግ የተባለ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው ሳይቋጭ በፌብሩዋሪ 2021 ጦሩ እንደገና ሥልጣን ያዘ። ከሁለት ወር በኋላ ከሥልጣን የተባረሩት የፓርላማ አባላት የጦሩን የ2008 ሕገ መንግሥት ሻርን ብለው የፌዴራል ዴሞክራሲ ቻርተር አወጡ። ታውንጂ ላይ ቀርቦ የነበረው ጥያቄ አሁን የቡርማ ወጣቶችም ጥያቄ ሆኗል፤ ብዙዎቹ ሥልጠና የወሰዱት በካቺንና በካረን ታጣቂዎች ይዞታ ውስጥ ነው።